ቀይ የማይታይበት ገላ

ታኅሣሥ 19 ለሰፈራችን ሌላ ቀን ነው። ከሳር ቤት ጀምሮ መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ይሞላል፤ ጧፍና ዣንጥላ የያዙ ባለ ስለቶች ወደ ብስራተ ገብርኤል ይጎርፋሉ። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስሄድ ከዝማሬው ይልቅ ዓይኔን የሚይዘው ከቅጥሩ ውጪ የተደረደረው ነዳይ ነበር። ከሁሉም ራቅ ብለው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለብቻ የሚቀመጡ ነበሩ። እናቴ እጇ አይታጠፍም፣ ለሁሉም ትመጸውታለች። እነሱ ዘንድ ስትደርስ ግን ሳንቲሙን ከቆመችበት ጣል ታደርግና በሌላ እጇ እኔን ወደ ኋላዋ ትስበኛለች።

«ለምን?» አልኳት አንድ ጊዜ።

«ዝም በል አንተ! በዘር የሚመጣ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

በዘር የሚመጣ ከሆነ የእኔ መጠጋት ምን ያመጣል ብዬ ለመጠየቅ ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

በ2002 ዓ.ም. የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። የቆዳ ሕክምና የተማርንበት መጽሐፍ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ኮፒ በኮፒ እየሆነ ፎቶዎቹ የደበዘዙ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ሽፍታ ሁሉ ቀይ ነው፤ እብጠትም ቀይ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀለም ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው መላ ሰውነቱ ሮዝ ሲሆን ነው። ኦክስጅን ያጠረው ሰው ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። እኛ አገር «ቀይ» ማለት ሌላ ነው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰው እንለይበታለን፤ ለሚዜና ለሙሽራ እንመርጥበታለን፤ ሲከፋም እንሰድብበታለን።

አንድ ቀን መምህሩ የቀይ ሽፍታ ምልክቶችን ሲዘረዝር፣ ከጋምቤላ የመጣ የክፍላችን ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ይሄ ሽፍታ እኔ ላይ ቢወጣ በምን ታውቁታላችሁ?» አለ። ከኋላ በኩል አንዱ «በባትሪ!» ብሎ መለሰለት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጠያቂው ግን ደብተሩን እያየ ቀረ፤ መምህሩም ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። ልጁ የጠየቀው በዚያ ዓመት ከተጠየቁት ሁሉ ቁም ነገር ያለው የሕክምና ጥያቄ እንደነበር የገባኝ፣ የሳቄን ዋጋ ሌላ ሰው ከከፈለልኝ በኋላ ነው።

እኚያ ሰው የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ለልምምድ በተመደብኩበት አንድ ጤና ጣቢያ መጥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡልኝ። ከክርናቸው በታች የብር ሳንቲም የሚያህል ነጣ ያለ ቦታ አለ። ቀይ ፈለግኩ፤ የለም።

«ያሳክክዎታል?»

«አያሳክከኝም።»

«ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም አይሰማኝም ዶክተር!»

እሰይ አልኩ። «ቋቁቻ ነው፣ አያሳስብዎት» ብዬ ቅባት እንዲታዘዝላቸው አደረግኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተራችን ደርሶ ወደ አለርት ተላክን። ከእኛ ሰፈር ዘነበወርቅ ሩቅ አይደለም። ቦታው በ1920ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሆኖ የተጀመረ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት ተብሎ ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆነ። ለካ ጥቁር ቆዳን በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያስተምር ቤት ከደጃችን ነበር።

ያን ዕለት ያስተማረን ሐኪም መጀመሪያ የክፍሉን መብራት አጠፋና ታካሚውን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠ። «ቆዳ በፀሐይ ብርሃን ነው የሚታየው» አለን። ከዚያ ወደ ታካሚው ጎንበስ ብሎ፣ «ተማሪዎቹ ቢያዩዎት ይፈቅዳሉ? አይሆንም ካሉም ሕክምናዎ ያው ነው» አላቸው። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ከማንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ የለመድኩት ራውንድ ዐሥር ሆነን አልጋ ከብበን፣ ስለ ሰውየው በራሱ ፊት በእንግሊዝኛ ተነጋግረን የምናልፍበት ነው፤ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ከሆነማ ስሙን እንኳ በወጉ ሳንጠራው።

ሐኪሙ ከጥጥ ላይ ጫፏን እንደ ክር አሹሎ አወጣ። ታካሚው ዓይናቸውን እንዲጨፍኑና ጥጡ ሲነካቸው ቦታውን በጣታቸው እንዲያሳዩ ነገራቸው። ግንባራቸውን ነካ፤ አሳዩ። ጤነኛውን ክንዳቸውን ነካ፤ አሳዩ። ነጣ ያለውን ቦታ ነካ። ጠበቅን። ጣታቸው አልተንቀሳቀሰም።

«እዚህስ?»

«ምንም አይሰማኝም።»

ከወገቤ በታች ውኃ የሆንኩ መሰለኝ። ሐኪሙ የእኔን ጣት ይዞ ከታካሚው ክርን ኋላ አሳረፈው፤ ነርቩ እንደ ገመድ ወፍሯል። በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሼ ካርድ ክፍል የሰውየውን ካርድ አስፈለግኩ። አድራሻቸው ላይ የተጻፈው ቀበሌ ብቻ ነበር፣ ስልክ የለም። ግንባታ ወዳለባቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች ሄጄ ጠየቅኩ። የሚያውቃቸው አላገኘሁም።

አለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የሚባል የምርምር ተቋም አለ። ሐንሰን ኖርዌያዊ ሐኪም ነው፤ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ በፊት በአገሩ የታወቁት ሊቃውንት፣ አማቱን ዳንየልሰንን ጨምሮ፣ በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እናቴ በገብርኤል ደጅ የነገረችኝ አንድ ጊዜ የአውሮፓ ሳይንስም ነበር ማለት ነው። ሐንሰንም ቢሆን ንጹሕ አልወጣም። አንዲት ታካሚ ሳትፈቅድለት ዓይኗ ላይ የበሽታውን ናሙና ስላስገባ በ1880 እ.ኤ.አ. ተከሶ ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተነሥቷል። ያ የእኛ መምህር «ይፈቅዳሉ?» ማለቱ ከጨዋነት ያለፈ መሆኑ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

«ዘር» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላም አልተወኝም። ተመርቄ የኩላሊት ታካሚ ማየት ስጀምር የኩላሊትን የማጣራት አቅም የምናሰላበት ቀመር ጥቁር ነው ወይስ አይደለም ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ቀመር ጥቁር ካልከው ውጤቱን በ1.159 ያባዛል። ያው ደም፣ ያው ክሬቲኒን ሆኖ ኩላሊቱ ወረቀት ላይ የተሻለ ይመስላል፤ ስፔሻሊስት ዘንድ መላክ ያለበት ሰው ይዘገያል። ጠይሟን ታካሚዬን የቱ ውስጥ ላስገባት? አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህን ብዜት የሰረዙት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያም የባሰ ነገር አሳየ። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከሚሺጋን በወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያነበበ የደም ወሳጅ ኦክስጅን ግን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ በሚሆኑት ልኬቶች ነው። የጋምቤላው ልጅ ጥያቄ ስንት ዓመት ዞሮ፣ ባሕር ተሻግሮ መጣ።

አሁን እኔም አስተምራለሁ። ከአራት ዓመት በፊት በገብርኤል ዕለት ከነዳያኑ መካከል ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት እናት አየሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጣቶቻቸው ታጥፈዋል፤ እንዝርቱ ግን ይሾራል። ሐኪም መሆኔን ስነግራቸው ሳቁ።

«እናንተማ አጠቆራችሁኝ!» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣት ሳሉ የዐሥራ ሁለት ወር መድኃኒት ተጀመረላቸው። ከክኒኖቹ አንዷ ክሎፋዚሚን ትባላለች፤ ታድናለች፣ ቆዳ ግን ታጠቁራለች። መድኃኒቱ ሲያልቅ ቀስ በቀስ ይለቃል። ይህን ግን የነገራቸው አልነበረም። «ቀይ ነበርኩ፤ በቅላቴ ነበር የታጨሁት። በሦስት ወሬ ፊቴ ከሰል ሆነ። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ ይተያያሉ። ክኒኑን ወስጄ ጉድጓድ ከተትኩት።» ጣቶቻቸው የታጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። የት እንደታከሙ አልጠየቅኳቸውም። ያ ዝም ያለ ሐኪም እኔ ልሆን እችል ነበር።

ተማሪዎቼን እንዲያስተምሩልኝ ለመንኳቸው። «ምን አውቄ?» አሉ። ይህን የነገሩኝን ብቻ፣ አልኳቸው። አንድ ሳምንት አስበው እሺ አሉ፤ ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቁኝ፤ ፎቶ እንዳይነሡ፣ ወንበሩም ከተማሪዎቹ ፊት ለፊት ሳይሆን ከመካከላቸው እንዲሆን። የውሎ አበላቸውንም እንደማንኛውም እንግዳ መምህር አሰብኩላቸው።

በቀጠሮው ቀን በታክሲ ይዣቸው ሄድኩ። የክኒኑን ታሪክ ሲነግሯቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ መሶብ ከምታክል ዘንቢላቸው ባዘቶ አወጡና ጫፉን በታጠፉት ጣቶቻቸው አሾሉት።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሲሰማችሁ በጣታችሁ አሳዩኝ» አሉ።

በየተራ ነኳቸው፤ በየተራ አሳዩ። አንዱ ከፊት የተቀመጠ ጎበዝ ተማሪ እሳቸው ገና ወደሱ ሳይዞሩ ጉንጩን በጣቱ ጠቆመ።

«ኧረ ገና አልነካሁህም ልጄ!»

ክፍሉ ሳቀ። ይህን ሳቅ ግን የጀመሩት እሳቸው ነበሩ።