ሁለት ጊዜ የተጻፈችው ጥያቄ

አባቴ በ1964 ዓ.ም. ለራዲዮ ብሥራተ ወንጌል ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ያኔ ከተማችን ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ትባላለች፤ እኔም ገና አልተወለድኩም። ጌታን ከተቀበለ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። እናቴ ግን አብራው ለመጸለይ እሺ አላለችም። ምን ባደርግ ይሻላል? ብሎ ጠየቀ። መልሱ በፖስታ መጣለት። ግማሽ ገጽ ብትሆን ነው። ከምክሩ ይልቅ ጥያቄው ይበዛ ነበር፤ ለምን እንዳልፈለገች እርሷን ጠይቀሃታል ወይ የሚል። አባቴ አልጠየቃትም ነበር።

የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረውን ያንን ጣቢያ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰው። ደብዳቤዋ ግን በአባቴ መጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ውስጥ ተሸጉጣ ያን ዘመን አለፈች። አባቴን ሲደንቀው የኖረው ምክሩ ሳይሆን፣ የማያውቀው ሰው ቁጭ ብሎ መልስ መጻፉ ነበር።

ይህን እየሰማሁ ያደግሁት እኔ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን ስለ ትዳር ለሁለት ወር ሳስተምር በሩ አጠገብ የጥያቄ ሳጥን አስቀመጥን። ስም አያስፈልግም አልን። ወረቀቱ ጎረፈ። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለኝ ብዛቱ ነበር። እሁድ እሁድ አምስት ስድስቱን አወጣና የሚቀልለኝን እመልሳለሁ፦ ስለ ሠርግ ወጪ፣ ስለ አማት፣ ስለ ደመወዝ አያያዝ። ጉባኤው ይስቃል፣ አሜን ይላል።

አንዲት ወረቀት ግን እንዲህ ትል ነበር፦ "ባለቤቴ እዚህ ሲጸልይ ሰው ያለቅሳል። ቤት ስንገባ ቃል አይመልስልኝም፤ የምንነጋገረው በልጆቹ በኩል ነው። ምን ላድርግ?" የሚጸልየው ማን ይሆን ብዬ መገመት ጀመርኩ፤ ከዚያ ፈራሁ። መድረክ ላይ ባነሳው ሰው ዞር ዞር እያለ መተያየቱ አይቀርም። ለሚቀጥለው እሁድ አልኩና አቆየኋት። በሦስተኛው ሳምንት በዚያው የእጅ ጽሑፍ ሌላ መጣች። "እርስዎም አልመለሱልኝም" ትላለች። ሌላ ቃል የለባትም።

ለባለቤቴ አሳየኋት። አንብባ ዝም አለች። ቆይታ፣ "እኔም አንድ ሰሞን በዚህ ሳጥን ልጽፍልህ አስቤ ነበር" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ቀና ስል ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት፤ የዚያን ሌሊት ብዙ አልተኛንም። በማግሥቱም ወደ ባቦጋያ ሐይቅ በእግራችን ወርደን ወሬውን ቀጠልን። ዝርዝሩ የእኛ ነው።

የ1ኛ ቆሮንቶስ መልእክት 7ኛ ምዕራፍን ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! ጳውሎስ እዚያ ላይ የሚናገረው ሰዎቹ ለጻፉለት ጉዳይ መልስ እየሰጠ ነው። ይህን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ፊልጶስም ቢሆን ጃንደረባውን ያስረዳው ሰረገላው ላይ ወጥቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ነው።

በቀጣዩ እሁድ ወረቀቷን ሳላነብ፣ "ሁለት ጊዜ ጽፎ መልስ ያጣ ሰው አለ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ረቡዕ ከእኅቶች ጸሎት በኋላ ባለቤቴ በጓሮው ክፍል ቡና አፍልታ እንደምትጠብቅ፣ ማን እንደመጣም እንደማልጠይቅ ተናገርኩ።

የመጀመሪያው ረቡዕ ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም ቡናውን ከጥበቃው ሽማግሌ ጋር ጠጣችው። በሦስተኛው ሁለት እኅቶች መጡ፤ ኋላ አራት ሆኑ። ባለቤቴ ከሰማችው ምንም አትነግረኝም። ያቺን ወረቀት የጻፈችው ግን ከመካከላቸው እንደሌለች ነግራኛለች።

ወረቀቶቹን ከአባቴ ደብዳቤ ጎን አስቀምጫቸዋለሁ። እኅቴ ሆይ፣ ይህ መጽሔት እጅሽ ከገባ፣ ረቡዕ ረቡዕ አሁንም ቡናው ይፈላል።