ሳነቴ ላይ ቤንዚን የጠገበው ቮልስ

ለውድ ወንድሜ፣

ትናንት ስልኩ ሲቆራረጥ «መኪናው ምን ሆነ?» እያልክ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ። ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። አንተም የሰፈራችንን አሮጌ ቮልስ ካልገዛሁ ብለህ ስለተነሳህ፣ ቁጭ ብዬ ብጽፍልህ ይሻላል አልኩ።

መንገዱን ባጭሩ ልንገርህ። በሻሸመኔ ዞረን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ገባን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ የደጋ አጋዘኖች ሰው ሳይፈሩ አጥሩ ሥር ይግጣሉ። ሮቤ አድረን በማግስቱ ጎባ ደረስን። ቮልሱ አብራኝ የተጓዘችው የሰላማዊት አጎት የጋሽ መኮንን ነው፣ ባለ 1300 ሞተር። ጋሽ መኮንንን ታውቃቸዋለህ፤ መኪናቸውን ከልጃቸው አስበልጠው የሚወዱ፣ ግን ከኮፈኑ ሥር ምን እንዳለ ጠይቀው የማያውቁ ሰው ናቸው። እስከ ጎባ ድረስ አንዴም አላስቸገረንም።

ከጎባ በኋላ ነው ጉዱ። መንገዱ በአስታው ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ዛፉ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ያልቅና ሳነቴ ላይ ብቅ ትላለህ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራው እዚህም እዚያም ብቻውን ቆሟል፣ ነፋሱ ፊት ይልጣል፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ላይ ተጎልቷል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ቮልሱ ግን ከዳገቱ ወገብ ጀምሮ አኩርፏል፤ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነበር የወጣው፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ጋሼ «ዳገቱ ነው» አሉ። እኔ ጭሱን አልወደድኩትም፣ ግን ዝም አልኩ፤ የሰው መኪና ነው።

ከዚያ ሰላማዊት «ቁሙ!» አለች። ቀይ ቀበሮ! ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ የፍልፈል ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሆዱን መሬት አስነክቶ ተኝቷል። ጆሮው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ እንዳይረብሸው ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረውም እዚሁ ባሌ ነው፤ ስለዚህ ትንፋሻችንን ይዘን አየን። ፍልፈሏ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች፣ አፈር ገፋ ገፋ አደረገች፣ ተመለሰች። እንደገና ብቅ ስትል ቀበሮው ዘለለ። ሳታት! ቆሞ አካባቢውን ቃኘና ምንም እንዳልሆነ ሰው ጅራቱን እየወዘወዘ ሄደ።

እኛም እንሂድ ብለን ቁልፍ ሲዞር፣ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ጋሼ ነዳጅ መስጫውን ረገጡ፣ ለቀቁ፣ ረገጡ፣ ለቀቁ። «ቤንዚን አልደረሰው ይሆናል» ይሉና ደግመው ይረግጡታል። በፈረስ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ወርደው «እንግፋላችሁ?» አሉን። ደግነታቸውን አልረሳውም። ግን እኔ ከኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ነበርና የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ቤንዚን ያጣ ሞተር እንዲህ አይሸትም።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱ። ሲጋራውንም አይለኩሱት። ቤንዚን አንሶት ሳይሆን በዝቶበት ነው» አልኳቸው።

አሁን ይህን በደንብ አንብብ፣ ቮልስ ልትገዛ ነውና። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲነድ ወደ 15 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሳነቴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ አዲስ አበባ ላይ በተስተካከለበት ልክ ቤንዚኑን ያፈሳል። እንግዲህ ቮልሱ ዳገቱን ሁሉ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ እየበላ ነው የወጣው፤ ያየሁት ጥቁር ጭስ እሱ ነበር። በዚያ ላይ የጋሼ እግር አለ። በካርቡራተር መኪና ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር በውስጡ ያለች ትንሽ ፖምፓ ጥሬ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ትረጫለች፣ ሞተሩ ባይነሳም ትረጫለች። ካንዴላው ከረጠበ ደግሞ ብልጭታው በቤንዚኑ በኩል ሾልኮ ይጠፋል፤ እርጥብ እንጨት ላይ ክብሪት እንደ መጫር ነው።

ግን ከፍታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላውም አሮጌ መኪና ሁሉ እዚያ ተገትሮ ይቀር ነበር። ስለዚህ የአየር ማጣሪያውን ፈትቼ የካርቡራተሩን አፍ አየሁ። አየር የሚያጠበው የቾኩ ክዳን ግጥም ብሏል! ሞተሩ ሞቆ እስከዚህ ከወጣ በኋላ ክዳኑ ሊከፈት ይገባው ነበር። የቮልስ ቾክ በእጅ አይሳብም፤ ከካርቡራተሩ ጎን ያለች ክብ ቤት ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ አለ፣ ቁልፍ ሲከፈት በኤሌክትሪክ እየሞቀ ክዳኑን ይከፍተዋል። ኤሌክትሪኩን የምታመጣው አንዲት ሽቦ ናት። ሽቦዋ በኮረኮንቹ ተንቀጥቅጣ ወልቃ ተንጠልጥላለች። ሞላው ሳይሞቅ ቀርቶ፣ ክዳኑ አየሩን እንደዘጋ ነው ተራራውን የወጣነው።

ካንዴላዎቹን ፈታን። ቮልስ ላይ ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ ወደ ፊት ገብተው ቆርቆሮ ሥር ስለተደበቁ በዳሰሳ ነው የምትፈታው፣ መፍቻውም የ21 ቁጥር ሆኖ አንገቱ የሚታጠፍ ካልሆነ ጣትህን ትልጣለህ። ገመዶቹን ከመንቀልህ በፊት የትኛው የየትኛው እንደሆነ ምልክት አድርግ፤ የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው፣ ከተምታታብህ ሌላ ጣጣ ትጨምራለህ። ሁሉም ጥቁርና እርጥብ ናቸው። ሰላማዊት በንጹሕ ጨርቅ ጠራረገቻቸው። ከፈረሰኞቹ አንዱ ክብሪት አውጥቶ «እሳት ላይ ላድርቅልሽ» ቢለኝ እጁን ያዝኩት። ቮልስ ከኋላ ሲቃጠል ለማትረፍ ጊዜ አይሰጥም።

ካንዴላዎቹ እስኪደርቁ የቦቢናውን ዋና ገመድ ነቅዬ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካሁት፣ ብልጭታ እንዳይወጣ። ሰውም ከኋላ ገለል አለ። ከዚያ ጋሼ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ አዞሩት፤ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ቤንዚኑ እንደ ጉም ተፋ ተፋ ብሎ ወጣ። ረጅም ጊዜ ማዞር ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ይገድላል፣ እረፍት ይስጡት አልኳቸው። በዚያ መሃል የቾኩን ክብ ቤት የያዙትን ሦስት ቡሎኖች አላላሁ። የነበረበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫር አድርጌ ምልክት ትቼ ዞር ሳደርገው ክዳኑ ተከፈተ። ሽቦዋንም አጥብቄ መለስኩ።

ሁሉ ተገጥሞ ሲያበቃ የቀረው ጋሼን ማሳመን ነበር። «ፔዳሉን ቀስ ብለው እስከ ታች ይጫኑት፣ እዚያው ይያዙት፣ አንዴም አይልቀቁት፤ ከዚያ ቁልፉን ያዙሩ» አልኩ። «ቤንዚን በዝቶበታል እያልሽ እንዴት ደግሞ ሙሉ ነዳጅ ስጥ ትይኛለሽ?» አሉ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ፔዳሉ የሚከፍተው የአየሩን በር መሆኑ ነው፤ ሙሉ ሲከፈት አየር ይገባል፣ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ያቺ ትንሽ ፖምፓ አትረጭም። አዞሩ። አስነጠሰ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አስነጠሰ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ፈረሰኞቹ አጨበጨቡ፣ ፈረሶቹ ደነበሩ።

የእነ ቪትዝና የአዳዲሶቹ መኪኖች ነገር ይለያል፤ እነሱ በኮምፒውተር ነው ቤንዚን የሚመጥኑት። ግን ብዙዎቹ ላይ ይኸው ዘዴ ይሠራል፦ ፔዳሉን እስከ ታች ይዘህ ሞተሪኖውን ስታዞር ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይቆርጣል። ለእኅታችን ንገራት፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ሲያስቸግራት ፔዳሉን እየደበደበች ታባብሰዋለች።

ሪራ ወርደን ምሳ በላን፤ የሐረና ጫካ ውስጥ ቡናው በራሱ በቅሎ ታየዋለህ፣ የእሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ማታ ጎባ ስንመለስ የዘይት መለኪያውን መዝዤ አሸተትኩት፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። የተረፈው ቤንዚን በፒስተኖቹ ጎን አልፎ ዘይቱን አቅጥኖታል፤ በዚያ ዘይት ረጅም መንገድ መሄድ ሞተር ማስበላት ነው። ጋሼ «ገና ባለፈው ወር ነው ያስቀየርኩት» ብለው ተከራከሩ፣ ዛሬ ጠዋት ግን አስቀየርናቸው።

አንተም ያንን ቮልስ ከመግዛትህ በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሂድና የአየር ማጣሪያውን አስፈትተህ የቾኩን ክዳን እይ። ከተነሳ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ካልተከፈተ ዋጋውን አስቀንስ። የጋሼ መኪና ካንዴላዎች ደግሞ አሮጌ ናቸው፣ እስከ አዲስ አበባ አላምናቸውም። እባክህ ሶማሌ ተራ ሂድና አራት የቮልስ ካንዴላ ገዝተህ በሮቤ አውቶቡስ ላክልኝ፤ ገንዘቡን ስመጣ ከጋሼ እቀበልልሃለሁ። እማዬን ሳምልኝ፣ መንገዱ ላይ ቆመን እንደነበር ግን አትንገራት።

እህትህ