አንዱን መቁጠሪያ ብቻ ብታዩት

አንዲት የድሮ ተማሪዬ "ቲቸር፣ እናቴን 'በኳንተም ኢንታንግልመንት ከሩቅ እንፈውስዎታለን' ብለው ብር እየጠየቋት ነው፤ እውነት አለው?" ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ ለሁላችሁም ይጠቅም ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ፣ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጎሽና ማንዴል ከአንድ ክሪስታል ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሚወጡ ፎቶኖችን በሁለት መቁጠሪያ ተከታተሉ። አንዱን መቁጠሪያ ብቻ ብታዩት፣ ወዲያ ወዲህ ብታደርጉትም ቆጠራው ያው ነው፤ የኢንተርፈረንስ መስመር የሚባል የለም። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት የመዘገቧቸውን ብቻ ለይታችሁ ስትቆጥሩ ግን ቁጥሩ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል። በኋላ በተሠሩ ሙከራዎችም ይህ መዋዠቅ ተራ የብርሃን ሞገድ ሊደርስበት ከሚችለው 50 በመቶ አልፎ ተገኘ። የፎቶኖቹ መጠላለፍ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ልብ በሉ፦ ሁለቱ መዝገቦች ካልተገናኙ የሚታይ ነገር የለም። መዝገብ ደግሞ የሚሄደው በገመድ ወይ በስልክ ነው፤ ከብርሃን አይፈጥንም። ስለዚህ በመጠላለፍ ብቻ መልእክት እንኳን አይላክም፤ ፈውስማ ከየት መጥቶ!

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ምስጢሩ በአንዱም ፎቶን ላይ የለም፣ በሁለቱ መካከል እንጂ።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ።