የሃዋርድ ክሩዝ መስመሮች

ሃዋርድ ክሩዝ በልጅነቱ ከሚወዳቸው ኮሚኮች አንዱ «ሊትል ሉሉ» ነበር፦ ክብ ፊት ያላት፣ ከሰፈሯ ወንዶች ልጆች ጋር ስትሟገት የምትውል አንዲት ትንሽ ልጅ። የሕይወት ታሪኩን የሚያነብ ሰው ይቺን ነገር በአንድ መስመር ያልፋታል። ለእኔ ግን የሰውየው ሥራ የገባኝ በሉሉ በኩል ነው።

ክሩዝ በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አላባማ ውስጥ ተወለደ፤ የሰባኪ ልጅ ነው። በሰባዎቹ ዓመታት የአሜሪካ «አንደርግራውንድ» ሠዓሊዎች ማን የበለጠ ባለጌ ነገር እንደሚስል ሲፎካከሩ፣ እሱ «ቤርፉትስን» ይዞ መጣ። ሱፍ ለብሶ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ከበረሮዎች ጋር የሚኖር ሰውዬ ነው። ሥዕሉ ክብ ክብ፣ ለሕፃን የሚሰጥ ዓይነት። ብዙዎቹ «ምንድነው ይሄ የልጅ ነገር» አሉ። በ1976 ግን ከእነዚያው ክብ ፊቶች አንዱ፣ ሄድራክ የሚባለው ሠዓሊ፣ ጌይ መሆኑ በግልጽ ተሳለ።

«ጌይ» ያልኩት ፈረንጅኛ አምሮኝ አይደለም። የለመድነው የአማርኛ ቃል ውስጡ በእሳት የጠፋች ከተማ ስም ይዟል፤ ቃሉን ስትጠራው ፍርዱም አብሮት ይመጣል። ስለ አንድ ሰው የሥዕል ጣዕም ልጽፍ ተነስቼ ገና ከመጀመሬ ልፈርድበት አልፈልግም።

በ1979 አሳታሚው ዴኒስ ኪችን ጋብዞት «ጌይ ኮሚክስ» የተባለውን መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። ሴቶችም ወንዶችም እንዲስሉበት፣ እያንዳንዱም ስለ ራሱ ብቻ እንዲናገር ፈለገ። የማንም ወኪል መሆን የለም። ኋላ «ፈን ሆም»ን የሠራችው አሊሰን ቤክደል የራሷን ሕይወት መሳል እንደምትችል ካሳዩዋት ነገሮች አንዱ ይሄ መጽሔት ነው።

ትልቁ ሥራው ግን በ1995 የወጣው «ስታክ ረበር ቤቢ» ነው፤ 210 ገጽ። ታሪኩ የሚሆነው ክሌይፊልድ በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው፤ ከጀርባዋ ያለችው ግን በርሚንግሃም ናት፣ በ1963 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በፈነዳ ቦምብ 4 ጥቁር ልጃገረዶች የሞቱባት። ባለታሪኩ ቶላንድ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ነጭ ወጣት ነው። ጀግና አይደለም። ወንድ እንደሚወድ እያወቀ፣ ዘፋኟን ጂንጀርን ካፈቀርኩ ይለቀኛል ብሎ ይጣበቅባታል፤ ታረግዛለች። ክሩዝ ራሱም በተማሪነቱ ልጅ ወልዶ፣ ልጅቷ ለማደጎ ተሰጥታለች።

አሁን ወደ መስመሮቹ ልምጣ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ አንድ ነገር ሦስቴ ከደገምኩ ለማሽን ካልሰጠሁት ያመኛል። ክሩዝ በዚህ መጽሐፍ ግድግዳውን፣ ሰማዩን፣ የሰው ጉንጭ ላይ ያለውን ጥላ ሁሉ መስመር በመስመር ላይ እየደረበ በእጁ ሞላው። ግራጫ ቀለም የታተመበት ተለጣፊ ፕላስቲክ ያኔም በገበያ ላይ ነበር። በ2 ዓመት ይጨርሳል የተባለው መጽሐፍ 4 ዓመት ፈጀ። ገንዘቡ አለቀ፤ ገና ያልሳላቸውን ገጾች ለወዳጆችና ለደጋፊዎች እየሸጠ ጨረሰው።

ለምን? እኔ እንደገባኝ ፊቶቹ አሁንም የሉሉ ፊቶች ናቸው፤ ክብ፣ የዋህ፣ ልጅ የሚያምናቸው። በእነዚያ ፊቶች ላይ ነው ፍርሃትን፣ ውሸትን፣ በጥላቻ የተገደለ ጓደኛን የጫነባቸው። ጥቁር ቀለም በአንዴ ቢደፋባቸው ክፉና ደግ ተለይቶ ያልቅ ነበር። ሺህ ቀጭን መስመር ሲሆን ግን ጥላው እየቆየ ነው የሚከብደው፤ ቶላንድን ልትጠላው ስትል ትዘገያለህ።

እውነት ለመናገር መጽሐፉ ያደክማል። ሳጥኖቹ ተጨናንቀዋል፣ ወሬው ይበዛል፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ሰዎቹ ከንግግራቸው ሥር መተንፈሻ ያጡ ይመስላሉ። እጃችሁ ከገባ አንዴ አንብቡትና በሁለተኛው ዙር ጽሑፉን ተዉት። የሚናገረውንም ሰው ተዉት። አጠገቡ ቆሞ ዝም ብሎ የሚሰማውን ፊት ብቻ እዩ፤ መስመሩ የሚበዛው እሱ ላይ ነው።