ዘይት የሚጠብቃት ታፔት

ወዳጄ፣ አሮጌው ጎልፍህ ጠዋት ሲነሳ ከቴስታታው በኩል «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ቢያሰማ፣ ሞተሩ ይውረድ ለሚልህ ሰው ቶሎ እሺ አትበል። በቮልስ ላይ የቫልቩ ክፍተት የሚስተካከለው በብሎን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ አብዛኛው የጎልፍ ሞተር ግን ያን ሥራ ለዘይት ሰጥቶታል። በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል የተቀመጠችው ሃይድሮሊክ ታፔት በዘይት ግፊት እየሞላች ክፍተቱን ራሷ ትዘጋለች። መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ይወርድና ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ትጮኻለች። ይህ ሕመም አይደለም።

ሕመም የሚሆነው ሞተሩ ሞቆም ድምፁ ካልጠፋ ነው። ያኔ መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ምዘዝ። ጣጣው ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ከልክ በላይ ሲሞላም ክራንኩ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይሟሽሻል። ሁሉም ታፔቶች አብረው ከጮኹ የዘይቱን ግፊት በጌጅ አስለካ። አንዷ ብቻ ከሆነች የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ከቫልቭ ክዳኑ ላይ አሳርፈህ፣ እጀታውን ከጆሮህ አስጠግተህ ፈልጋት። እኔ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ ይህን ዘዴ አምናለሁ። የጭስ ማውጫ ጋስኬት ሲያፈስም ተመሳሳይ ድምፅ አለውና ልብ በል።

ክዳኑ ሲከፈት የካሙ ጉብታ ወደ ላይ በዞረበት ታፔቷን በእንጨት ጫን አድርግ፤ ቫልቩ ሳይነካ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደች ትለወጥ። አዲሷ ከገባች በኋላ ግን 30 ደቂቃ ሳይጠበቅ ሞተሩ እንዳይነሳ አደራ፤ ቫልቩ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል።