ኦርጅናል ነው ወይ?

ባለፈው ቅዳሜ ጊታሬን ሊገዛ የመጣ ልጅ አንዲት ክር እንኳን ሳይመታ ገለበጣት። ከኪሱ ካቻቢቴ አውጥቶ የጀርባዋን ክዳን ፈታ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ውስጧን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ "ብሎኩ ኦርጅናል አይደለም" አለኝ። "አዎ፣ አስቀይሬው ነው" አልኩት። ዋጋ ማስቀነሻ አገኘ። እኔ ደግሞ በዚያው ብሎክ ሰበብ ዋጋ ልጨምር አስቤ ነበር። ሳንስማማ ተለያየን።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የስትራቶካስተር (ባጭሩ ስትራት) ቅርፅ ባላቸው ኤሌክትሪክ ጊታሮች ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ፣ በበገና ብርኩማ የምንለው መሆኑ ነው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ይወዛወዛል። ከሥሩ ብሎክ ተንጠልጥሏል። ክሮቹ በብሎኩ ውስጥ አልፈው ይወጣሉ፣ ከጀርባ ደግሞ ሞላዎች ይስቡታል። የክሮቹ ውጥረትና የሞላዎቹ ጉልበት ሲተካከሉ ብሪጁ ሚዛኑን ይጠብቃል። ብሎኩ ላይ የሚጠመዘዘውን እጀታ ስትጫኑት ክሮቹ ይላላሉ፣ ቃናው ይወርዳል፤ ስትለቁት ይመለሳል። ይመለሳል ይባላል።

ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተርን ሲያወጣ ይህን ነገር "ትሬሞሎ" አለው። በሙዚቃ ቋንቋ ትሬሞሎ የድምፅ መጉላትና ማነስ ነው፤ ቃናን ከፍ ዝቅ ማድረግ ቪብራቶ ይባላል። ሰውዬው ደግሞ አምፕሊፋየሮቹ ላይ የነበረውን እውነተኛ ትሬሞሎ "ቪብራቶ" ብሎ ጻፈበት። ሁለቱን ስም አዟዙሮ ሰጠን፣ እኛም ይኸው እስከ ዛሬ እንደሰየመው እንጠራለን።

የኔዋ እስያ የተሠራች ርካሽ ጊታር ናት፤ ስሟን ልተወው። ብሎኳ ቀልጦ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ፣ ያውም ስስ ነበር። እጀታው የሚጠመዘዝበት ቀዳዳ ጥርሱ በሁለት ዓመት ተበልቶ አለቀና እጀታው ይወላወል ጀመር። የቧንቧ ቴፍሎን ጠመጠምኩበት። ለአንድ ሰርግ በቃኝ።

ከዚያ ብሎኩን ነቅዬ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉትና "የምን መኪና ነው ልጄ?" አሉኝ። "የጊታር ነው ጋሼ።" ሳቁ። ስድስቱ ቀዳዳዎች በአንድ በኩል ጠባብ፣ በሌላው በኩል ግን የክሩን ጫፍ ድብልብል እንዲውጡ ሰፋ ያሉ መሆናቸውን ሳሳያቸው ሳቁ ቀረ፤ ካሊፐር አውጥተው ይለኩ ጀመር። ለእጀታው የሚፈለገው ጥርስ ኤም 6 ስለነበር ማውጫው እዚያው መሳቢያቸው ውስጥ ተገኘ። የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ብሪጅ ቢሆን ጥርሱ በኢንች ስለሚለካ ባዶ እጄን እመለስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድፍን የብረት ብሎክ ሰጡኝ፤ ገና ስትይዙት ክብደቱ ከድሮው እንደሚለይ ታውቃላችሁ።

ድምፁ ተሻሻለ ወይ? ተሻሽሏል ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አውርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ብሎኩን የቀየርኩ ዕለት ክሮቹንም አዲስ ስላደረግሁ የቱ ምን እንዳመጣ አልምልም። እጀታው መወላወሉን ማቆሙን እምላለሁ። የቃናዋ መሸሽ ግን በዚህም አልዳነም። ለካ ጥፋቱ ከብሪጁም አልነበረም፤ አንገቷ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያልፉባቸው ስንጥቆች አንዱ ሦስተኛውን ክር ነክሶ ያስቀር ነበር። እርሳስ ቀርጬ ጥቁሩን ቀባሁበት፣ ዳነ። የእርሳስ ዋጋ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ጠቤ ከእሱ ጋር ሳይሆን "ኦርጅናል" ከሚለው ቃል ጋር ነው። እኛ "ኦርጅናል" ስንል ጥሩ፣ "ታይዋን" ስንል የማይረባ ማለታችን ነው። ለመኪና ፍሬን ያስኬድ ይሆናል። ጊታር ላይ ግን ኦርጅናል ማለት ከፋብሪካ ስትወጣ አብሯት የነበረ ማለት ነው፣ በቃ። የ1954ቱ ስትራቶካስተር ብሎክ ድፍን ብረት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፌንደር ኩባንያ፣ ያኔ በሲቢኤስ እጅ ነበር፣ ብሎኩንም ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ሳድሎችም ማዛክ ወደሚባል የዚንክ ቅይጥ ቀየረ። ስለዚህ በ1975 ስትራት ላይ ያለው ማዛክ "ኦርጅናል" ነው፤ ዛሬ በ1954ቱ ልክ ከብረት ተሠርቶ የሚሸጠው ደግሞ "ቅያሪ"። ሊዮ ፌንደር መጀመሪያ ላሰበው የሚቀርበው የትኛው ነው?

የፒንክ ፍሎይዱ የዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራት በ2019 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ በ3.975 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። አንገቷ ተቀያይሯል፣ የክሮቹን ድምፅ የሚለቅሙት ፒካፖቿ ተቀይረዋል። በ1980ዎቹ ብሪጇ ተነቅሎ፣ እንጨቷ ተፈልፍሎ ካህለር የሚባል ሌላ ትሬሞሎ ገብቶባት ነበር፤ በኋላ እሱም ወጥቶ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ የስትራት ብሪጅ ተመለሰላት። የኔ ገዢ ያችን ቢገለብጣት ስንት ያስቀንስ ነበር?

የ1950ዎቹ ስትራት ያለው ሰው ካለ (ካለ ደግሞ እባካችሁ አስተዋውቁኝ) አንዲት ብሎን እንዳይነካ። እዚያ የሚሸጠው ታሪክ ነው። ሌሎቻችን ግን እቃ ከማዘዛችን በፊት እንለካ። ብሪጁን ከፊት ከያዙት ስድስት ብሎኖች የዳርና ዳሮቹ ርቀት መሃል ለመሃል 56 ሚሊሜትር ከሆነ የድሮው ልክ ነው፤ 52.5 ገደማ የሆኑም ብዙ አሉ። ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ እቃው በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ መጥቶ አልገባ ሲል ነው የሚቆጨው። የጊታራችሁንም ውፍረት ለኩ፣ ስስ ገላ ላይ ረጅም ብሎክ በጀርባ በኩል ብቅ ይላል።

ጊታሯ አልተሸጠችም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ኦርጅናሉ ብሎክ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከነቴፍሎኑ፣ አብሮ ይሰጣል።