ማንን ሸጡ?

ጋሼ ስልክ ሲደውሉ ሰላምታቸው ረጅም ነው። እናቴ እንዴት ናት፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ትምህርቱስ፣ ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ሁሉም ተራ በተራ ይጠየቃል። በዓመት አንድ ቀን ግን ሰላምታ የለም። ገና «ሃሎ» ሳልል «ማንን ሸጡ?» ይሉኛል።

ያ ቀን በፈረንጅ ማርች መጀመሪያ ላይ ይመጣል። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ቡድኖች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ጊዜ የሚዘጋበት ቀን ነው። የእኛ ቡድን ሳን ሆዜ ሻርክስ ነው። በ2023/24 የውድድር ዓመት ከ32 ቡድኖች 32ኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመትም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ቡድን ያን ቀን መሸጡ አይቀርም፤ ጥያቄው ማንን የሚለው ብቻ ነው።

ሆኪ ምንም የማታውቁ ከሆነ አይዟችሁ፣ እኔም በ2022 አሜሪካ ስገባ አላውቅም ነበር። የአርሰናል ወይም የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ከሆናችሁ ግን ክርክሩን በደንብ ታውቁታላችሁ። ይሄ ይሸጥ፣ ያ ይምጣ፣ አሰልጣኙ ይባረር። ልዩነቱ እዚህ ተጫዋች የሚገዛው በገንዘብ አለመሆኑ ነው። አንዱ ቡድን ለሌላው ተጫዋች ይሰጥና ተጫዋች ይቀበላል፣ ወይ ደግሞ «ተራ» ይቀበላል። በየዓመቱ ቡድኖቹ አዳዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ድራፍት የሚባል ነገር አለ። ያ ተራ ራሱ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የሚቀረው ሳይቀር። ዕቁብ ለጣለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ዛሬ ትከፍላለህ፣ የሚደርስህ በኋላ ነው። ብቻ በዚህ ዕቁብ ሲሸነፍ የከረመው ቡድን የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል። ስለዚህ ደካማ ቡድን ሰዎቹን ሽጦ፣ ይበልጥ ደክሞ፣ ተራ ሰብስቦ ነገን መጠበቅ ይችላል።

ተጫዋቹስ? አብዛኛው አይጠየቅም። ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይይዛል፣ ይሄዳል።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሳን ሆዜ የገቡት በ2004 ሲሆን ሥራቸው ታክሲ መንዳት ነበር። አሁንም ይነዳሉ፣ በስልክ መተግበሪያ። ሆኪን የተማሩት ከኋላ ወንበር ነው። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር መሀል ከተማ ካለው አዳራሽ ደጃፍ ሰው ይጭናሉ፣ የተጫነው ሰው እስከ ቤቱ ይከራከራል፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። በእንግሊዝኛ ብዙ መናገር በማይችሉበት ዘመን «ጥሩ ልውውጥ ነበር?» ብሎ መጠየቅን ቀድመው እንደቻሉ ይነግሩኛል። ያንን ከጠየቁ በኋላ ሌላ ቃል አያስፈልግም ነበር።

የጋሼ ቡድን አሸናፊ ነበር። ኖቬምበር 30 ቀን 2005 ቦስተን አምበሉን ጆ ቶርንተንን ለሳን ሆዜ ሰጥቶ ሦስት ተጫዋቾች ወሰደ። ቶርንተን በዚያው የውድድር ዓመት የሊጉ ኮከብ ተባለ። ጋሼ ይህን ታሪክ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ትምህርቱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ምርጡን የሸጠ ከሳሪ ነው።»

እኔ የደረስኩበት ቡድን ሌላ ነው። እኔ በመጣሁበት በጋ ማይክ ግሪየር ጄኔራል ማናጀር ሆኖ ተሾመ፣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር። ጋሼ ሻርክስ ውስጥ ሲጫወት ያውቁት ስለነበር ሹመቱን እንደ ዘመድ ሠርግ ነበር የተቀበሉት። ሰውየው ግን ገና ከመቀመጡ መሸጥ ጀመረ። ብሬንት በርንስ ሄደ። ቲሞ ሜየር ሄደ። ኤሪክ ካርልሰን ሄደ። ጋሼ አንጀታቸው እያረረ ስሙን ጠርተው መውቀስ ግን አልሆነላቸውም። «አለቆቹ አስገድደውት ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ደግሞ ከሻጮቹ ወገን ነበርኩ። ኤርፖርት የሌሊት ሥራዬ ላይ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት፣ ቁጥር አነብ ነበር። ውል፣ የደመወዝ ጣሪያ፣ የተራ ዋጋ። ዋናው ማስረጃዬ ካርልሰን ነበር። በ2018 ሻርክስ እሱን ከኦታዋ ሲያመጣ ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ ወደፊት የሚመጣ የመጀመሪያ ዙር ተራ ነው። ያኔ ቡድኑ ጠንካራ ስለነበር ተራው ወደ መጨረሻው የሚወድቅ መስሎ ነበር። ግን ቡድኑ ወደቀና በ2020 ያ ተራ ሦስተኛ ሆነ፤ ኦታዋ ቲም ሽቱትስለን መረጠበት።

«ዘሩን ፈጭቶ የበላ ገበሬ ነን ጋሼ» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ዘር ብቻ እየሰበሰብክ መቼ ልትበላ ነው?» አሉኝ።

ይህን ክርክር ለሁለት ዓመት ያህል ቀጠልን። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ከጋሼ ጋር የምናወራው ነገር አልነበረንም። አዲስ አበባ ትተውኝ ሲሄዱ ሕፃን ነበርኩ። ስመጣ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ተኛሁ፣ ምግባቸውን በላሁ፣ ግን ምን ብዬ እንደማዋራቸው አላውቅም ነበር። ቡድኑ ባይሸነፍ ኖሮ ምን እንል ነበር?

ባይሸነፍ ኖሮ አዳራሹም አንገባም ነበር። ጋሼ ለዓመታት በሩ ላይ ሰው ሲያወርዱና ሲጭኑ ውስጡን አላዩትም። ቲኬቱ አይቀመስም። በ2023 ግን ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን 11 ጨዋታዎች አንዱንም ሳያሸንፍ ቀረ፣ ቲኬቱም ረከሰ። ኖቬምበር 4፣ ቅዳሜ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ትንሿ ልጃቸውና እኔ ላይኛው ፎቅ ተቀምጠን ከፒትስበርግ ጋር ሲጫወቱ አየን። 10 ለ 2 ተሸነፍን። ከሁለት ቀን በፊት በቫንኩቨር 10 ለ 1 ተሸንፈው ነበር። የሸጥነው ካርልሰንም ለፒትስበርግ ተሰልፏል። እትዬ ከስምንተኛው ግብ በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው «እነዚህን ልጆች እናት የላቸውም እንዴ፣ ለምን አያስወጧቸውም?» አሉ።

ትንሿ የአጎቴ ልጅ ግን እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። የለበሰችው ማሊያ 48 ቁጥር ነው፣ ቶማሽ ሄርትል። ቼካዊ ነው፣ ሻርክስ በ2012 መረጠው፣ ከ2013 ጀምሮ ሌላ ቡድን አያውቅም። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ጋሼም ይወዱታል። በ2019፣ ከላስ ቬጋስ ጋር በተደረገው ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሻርክስ 3 ለ 0 እየተመራ በአንድ ቅጣት አራት ግብ አገባ፤ ከአራቱ አንዱ የሄርትል ነበር። በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 4 አሸነፉ። ቀኑ የሕማማት ማክሰኞ ነበር። ጋሼ መኪናቸውን ዳር አቁመው ብቻቸውን ጮኹ፣ ከዚያ ሕማማት መሆኑ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እስከ ዛሬ ሲያወሩት ያፍራሉ፣ ግን ያወሩታል።

ማርች 8 ቀን 2024፣ ዓርብ፣ የልውውጡ ሰዓት ሊዘጋ ሲል ጋሼ ከመኪና ደወሉ። «ማንን ሸጡ?» እኔ ዜናውን እያየሁ ነበር። ሄርትል። ለማን? ለላስ ቬጋስ። ለዚያው ለላስ ቬጋስ። የተቀበልነው ዳቪድ ኤድስትሮም የሚባል ወጣትና የ2025 የመጀመሪያ ዙር ተራ ነው። ከሄርትል ደመወዝ 17 በመቶውን ሳን ሆዜ መክፈሉን ይቀጥላል። ስልኩ ውስጥ የመኪናው ጠቋሚ መብራት ሲመታ ይሰማኛል፣ ጋሼ አልተናገሩም።

እሑድ ቅበላ ነበር። ክትፎው ቀርቦ፣ ሰኞ ዐቢይ ጾም ሊገባ፣ እኛ ስለ ሄርትል ተጣላን። እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ዕድሜው 30 አልፏል። ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ውሉ እስከ 2030 ነው። ቡድኑ እስኪያድግ እሱ ያረጃል። ጋሼ ቶርንተንን አነሱ፣ እኔ ሽቱትስለን አነሳሁ። ጋሼ «ሰው የሚያየው አንድ ሰው ቢቀር ምን አለበት?» አሉ፣ እኔ «ስሜት ዋንጫ አያመጣም» አልኩ። በመጨረሻ ዝም አሉ። አሸንፌያለሁ ብዬ ጎረስኩ። ትንሿ ግን ከገበታው ተነስታ ሄዳ ነበር፣ መቼ እንደተነሳች አላየሁም።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ሜይ 7፣ የድራፍቱ ዕጣ ወጣ። መጨረሻ የወጣው ቡድን አንደኛ የመሆን ዕድሉ 25.5 በመቶ ብቻ ነበር፣ ግን ወጣልን። ማክሊን ሴለብሪኒ የእኛ ሊሆን ነው። የተረፈውን ዶሮ ወጥ እያሞቅን ጨፈርን። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልክ ነበርክ መሰለኝ» አሉ። ከጋሼ አፍ ይህን መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ከሳምንታት በኋላ የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ መጣ። ጋሼ ማታ ጠሩኝና ወረቀት ዘርግተው «አንተ ቁጥር ትችላለህ፣ እስቲ አስላልኝ» አሉ። ላስ ቬጋስ ያለ ጓደኛቸው ቤት አግኝቶላቸዋል። እኔም አሰላሁ። ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ኔቫዳ ከደመወዝ ላይ የክፍለ ግዛት ግብር እንደማይቆርጥ፣ ሐበሻው እዚያም ብዙ እንደሆነ። እኔ ራሴ ኮሌጁና ሥራው ስላሰሩኝ እንደምቀር አውቃለሁ፣ ግን ስሌቱ ግልጽ ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ መቆየት አያዋጣም» አልኩ። በሄርትል ጊዜ ያወራሁበት ድምፅ ነበር፣ እኔ ግን አልሰማሁትም።

የሰማችው ትንሿ ናት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሄርትልን ጠይቀውታል?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ውሉ ላይ ያለ ፈቃዱ ወደ ሌላ ቡድን እንደማይላክ ተጽፏል። ጠየቁት፣ እሺ አለ። ነገርኳት።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

ጋሼ ወረቀቱን አጠፉት። ማንም አልመለሰላትም። እኔም ቁጥር ነበረኝ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ደግሞ የሚገርመው፣ ያን ማታ እሷ ስትናገር ነው እኔም ትዝ ያለኝ። ጋሼ አዲስ አበባን ሲለቁ እናቴን ማን ጠየቃት? እኔ ስመጣስ? በእኛ ቤት እያንዳንዱ ጉዞ ትክክል ነበር፣ ሁሉም አዋጥቷል፣ ያለ እነዚያ ውሳኔዎች ዛሬ የለንም። ግን የቀረው ሰው በስሌቱ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

በጋው ላይ ሄዱ። ስምንት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው። እሷ 48 ቁጥር ማሊያዋን ለብሳ ኋላ ወንበር ተቀመጠች፣ ሄርትል ወደሄደበት ከተማ፣ እንደተናደደች። ለማጽናናት «እዚያ በአካል ታዪዋለሽ» ስላት «ማሊያው ሌላ ነው» አለችኝ።

አሁን ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ሴለብሪኒ ኦክቶበር 10 ቀን 2024 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጫወት ብቻዬን ላይኛው ፎቅ ነበርኩ። ግብ አገባ። ስልኬን አውጥቼ ለጋሼ ደወልኩ፣ እሳቸው በዚያ በኩል ሲጮኹ እኔ በዚህ፣ ማን ምን እንዳለ አልተሰማም። በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ተሸነፍን፣ ያው።

ስለ ሄርትል ልክ ነበርኩ ወይ? ዛሬም ብትጠይቁኝ አዎ እላለሁ። ኤድስትሮምና ያ ተራ በኦገስት 2024 ለናሽቪል ተሰጥተው ያሮስላቭ አስካሮቭ የሚባል ተስፋ የተጣለበት ግብ ጠባቂ መጣ። ሄርትል ተመንዝሮ በረኛ ሆነ ማለት ነው። ሄርትልም በቬጋስ የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ 32 ግብ አገባ። ማንም አልከሰረም። ጋሼም አሁን ትንሽ ይተነፍሳሉ፣ ኪራዩ አያስጨንቃቸውም። ስሌቱ ልክ ነው። ያልገባኝ ነገር፣ ስሌት ልክ ሲሆን የሚከራከር ሰው ዝም ማለት እንዳለበት ማሰቤ ነበር። ጋሼ ያን የቅበላ ዕለት የጠየቁኝ ሰው ለመቆየት ሲል ትንሽ ቢከስር ምን አለበት ብለው ነው። እኔ የሰማሁት ስለ ሆኪ ብቻ ነበር።

ማርች 7 ቀን 2025፣ ዓርብ፣ ጾም ነው፣ ሽሮዬን እያሞቅኩ ስልኩ ጮኸ።

«ማንን ሸጣችሁ?»

ሸጣችሁ። ቃሏን ሰማኋት። እስከ ዓምና «ሸጡ» ነበር።

«ዜተርሉንድን። ለኦታዋ።»

«ያን ልጅ? ሜየርን ሰጥተን ያመጣነውን?»

«አዎ ጋሼ።»

ዝም አሉ። ተራ ዋጋውን፣ ውሉ ሊያልቅ መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«ሴለብሪኒ ምን አለ?» አሉ።

«የከፋው ይመስላል።»

«ይክፋው እንጂ! ጓደኛው አይደለም እንዴ?» አሉና ድምፃቸው ከፍ አለ፣ እንደ ድሮው። «ለምንድነው ሁልጊዜ እንዲህ የምናደርገው? ንገረኝ እስቲ፣ ለምንድነው?»

ሽሮው ሊገነፍል ነበር። እሳቱን አጠፋሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ክርክሩ ረጅም ሊሆን ነው።